ሲፈልግ ይሰማል

ከቤቴ የወጣሁ ለታ ማታ ሐይቅ ከተማ መብራት ጠፍቶ ነበር። መብራት መጥፋቱ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ማንም አይደነቅበትም። የዚያን ዕለቱን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ከአሱር ሶላት ጀምሬ መንደሩን ስዞር ነበር ያመሸሁት። በእኛ አገር ሩቅ የሚሄድ ሰው ጎረቤቱን ሁሉ ‹አፉ በሉኝ› ሳይል አይወጣም። አፉ ማለት ይቅርታ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እንዲሁ ነው የሚለው። በአጥር የተጣላኋትን ሴት አፉ አስባልኳት። ዶሮዋን በድንጋይ ያባረርኩባትን አፉ አስባልኳት። ‹ይህ ፍርድ ልክ አይደለም› ብዬ በሰው ፊት የተነሳሁባቸውን ሽማግሌዎች ሳይቀር ደጃቸው ቆሜ ለመንኳቸው። ከሁሉ የከበዱኝ እነሱ ናቸው፤ ፍርዱ ልክ አልነበረማ! ግን አውሮፕላን አለ፣ ሞት አለ፤ አንገቴን ሰበርኩ፣ እነሱም አፉ ብለንሻል አሉኝ።

የቀረኝ አንድ ሰው ነበር፤ ባሌ ሰይድ።

ሰይድ ሐይቁ ላይ ቆሮሶ ዓሣ ሲያጠምድ ያረጀ ሰው ነው። ጆሮው መድከሙን ያወቅነው አንድ ቀን ግቢ ውስጥ መረብ ሲጠግን ነው። ከእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ደወል ተደወለ፣ ጎረቤታችን ዘነበች ቆም ብላ አማተበች፣ እሱ ቀና ብሎ አያትና «ምን ሆነች?» አለኝ። ያን ደወል ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው የኖረ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ ጆሮው እኔ ሆንኩ። ገበያ ላይ ሰው ሲያናግረው የምደግምለት እኔ ነኝ። ዱአ ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ ሲመራረቅ፣ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ መራቂው ሲጨርስ ጉልበቱን መታ አደርገዋለሁ፣ እሱም ከሰው እኩል «አሚን!» ይላል። እንግዳ ሰው አብሮን ቢቀመጥ አለመስማቱን አያውቅም ነበር።

ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነገር ነበረበት። አንዳንዴ ይሰማል። ቀን ጓሮ ተቀምጠን ሰው ሳማ ቀስ ብዬ ያልኩትን ይዞ ይስቃል። ማታ ቤቱ እንግዳ ሞልቶ «ሰይድ፣ በሩን ዝጋው» ብዬ ስጮህ ግን እንደ ምሰሶ ቆሞ ያየኛል። ስለዚህ መንደሩ በሙሉ «ሰይድ ሲፈልግ ይሰማል» ይል ነበር። መጀመሪያ ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከሁሉ አብዝታ ያለችው ማን እንደሆነች ግን አውቃለሁ።

እንግዲህ ያን ማታ ሊሸኝ የመጣው ሰው ቤቱን ሞልቶታል፤ ብርሃን የለም፤ ሰይድ ጥግ ላይ አጎንብሶ የሻንጣዬ ዚፕ ስለተበላሸ በመረብ ገመድ ያስረዋል። ከኋላው ተጠግቼ «ሰይድ፣ አፉ በለኝ» አልኩት። ዝም አለ። እንደገና አልኩት። ገመዱን ሳብ አደረገና ቋጠረ። ሰው እየሰማ ልጩህ እንዴ? ባልና ሚስት የሚባባሉትን አፉ ጎረቤት ይስማልኝ ብሎ የሚጮህ አለ? ለሦስተኛ ጊዜ አልኩት። ያኔ ቀና ብሎ፣ ፊቱን እንኳን ሳላየው፣ «ይህ ቋጠሮ አይፈታም፤ ስትደርሺ ቁረጪው» አለኝ።

በልቤ፣ ሲፈልግ ይሰማል አልኩ። አልፈለገም። መኪናው መጣ፣ ተሳፈርኩ። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ እስክንደርስ ድረስ ከንፈሬን ነክሼ ነበር። ከሐዘን እንዳይመስላችሁ፤ ከንዴት ነው።

የሄድኩት በልጅ ልጄ በሐያት ምክንያት ነው። ሐያትን ያሳደግናት እኔና ሰይድ ነን፤ እናቷ ከወለደቻት በኋላ አልቆየችልንም። ልጅቱ ከትንሽነቷ በሁለታችን መሃል ተቀምጣ የእኔን ለእሱ፣ የእሱን ለእኔ ስታቀብል ነው ያደገችው። ተምራ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ማስተርሷን ጨረሰች፤ ከዚያ ስዊድን የሚባለው አገር የዶክትሬት ጥናት ቦታ አገኘች። ጥናቱ ምንድነው ብትሉኝ፣ ሰው ጆሮው ሲደክም ጨዋታው ምን ይሆናል የሚል ነው። እኔ መጀመሪያ ሳቅሁባት። «ለዚህ ነው ባሕር የምትሻገሪው? ቤትሽ ተቀምጠሽ አታይውም?» አልኳት። ፈታኞቹ በኮምፒውተር ሲጠይቋት «ለምን ይህን መረጥሽ?» ቢሏት «ያሳደጉኝ አንድ የሚጮህና አንድ የማይሰማ ሰው ናቸው» አለቻቸው። የሚጮኸው እኔ መሆኔ ነው።

ይህን የምጽፈው እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ግን አንድ ነገር ለአምባሰልና ለሐይቅ ወጣቶች ልንገራችሁ። ይህ የጥናት ቦታ እንደ ሥራ በማስታወቂያ በይፋ የሚወጣ ነው። ዘመድ አይጠይቅም፣ ደላላ የለውም። ደመወዝ እየተከፈላት ነው የምትማረው። በበረሃ ከመሄዳችሁ በፊት ይህንም እዩት።

ችግሩ ሐያት ያኔ አራስ ነበረች። ባሏ ጅዳ ነው የሚሠራው፣ ልቀቁኝ ቢል አይለቁትም። ሕፃኗ ኢልሃም ዓመት ካልሞላት የዚያ አገር የሕፃናት መዋያ አይቀበላትም። ሐያት «እማ፣ አንቺ ካልያዝሽልኝ ቦታውን እተወዋለሁ» አለች። እንድትተወው አልፈቀድኩም። ሰይድንም ማማከር ነበረብኝ፤ አላማከርኩትም። «ልጅቷን ልይዝላት ነው፣ ኢልሃም መዋያ ስትገባ እመለሳለሁ» ብዬ ጮኼ ነገርኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በቃ፣ ማማከር ያልኩት ይህን ነበር።

የሄድነው በዚያ አገር ሰሜን ወዳለ ከተማ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደረስን። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ የእነሱ ክረምት ጨለማ ነው። ወላሂ ምሳ በልቼ እጄን ሳልታጠብ መግሪብ፣ የማታው ሶላት፣ ይደርሳል። ዙሁርን፣ አሱርን፣ መግሪብን እንደ ተሸቀዳዳሚ አንዱን በአንዱ ላይ እሰግዳለሁ። ሰው በመስኮቱ ሁሉ መብራት ያስቀምጣል፣ ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። ሰይድ እዚህ ቢሆን እያልኩ አስብ ነበር፤ በዚህ ጨለማ ምን ሊሠራ። ስለ ምግቡ ብዙ አልናገርም። ዓሣቸው ጥሩ ነው፣ ግን በውሃ ቀቅለው ነጩን ያቀርቡልሻል፤ በርበሬ የለ፣ ነጭ ሽንኩርት የለ። ሥጋ ላይ ደግሞ ሊንጎን የሚባል የቀይ ፍሬ ማርማላታ ያደርጉበታል። ሥጋን በማርማላታ! ለዘነበች በስልክ ስነግራት «ኧረ በእመብርሃን!» ብላ ጮኸች።

የሰይድን ቋጠሮ አልቆረጥኩትም። ተቀምጬ በሹካ ጫፍ ፈታሁት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

የተከራየነው ቢርጊት ከምትባል አሮጊት ቤት፣ ከላይኛው ፎቅ ነው። ቢርጊት ከእኔ ትበልጣለች፣ በሁለቱም ጆሮዋ እንደ ባቄላ ትንሽ የሆነ መስሚያ አላት። ሕጎቿ ግን ብዙ ናቸው። ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ትቬትስቱጋ ይባላል፤ ያለ ተራሽ ከገባሽ ከእርሷ ጋር ዓመት ትኮራረፊያለሽ። አንድ ቀን በሩን አንኳኳችና በሐያት በኩል እንዲህ ተባባልን፦

«አያትሽ ለምን ትቆጣለች?»

«አትቆጣም፤ ድምፅዋ ነው።»

«ትናንት ሕፃኗን ስትጮህባት ነበር።»

«እሹሩሩ ስላት ነበር በያት!» አልኩ እኔ።

«ይኸው፣ አሁንም ተቆጣች።»

ሐያት ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ድምፅዋ ባሏን ማናገር የለመደ ነው፤ እሱ ጆሮው አይሰማም» አለቻት።

ቢርጊት ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች። «ባሏ ግን እዚህ የለም» አለች።

እንዲህ ስትባሉ ምን ትላላችሁ?  እውነቷን ነው፤ የለም።

ከዚያ በኋላ ግን ወደድኳት። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የዚያ የሰሜኑ ክፍል ሰው አዎ ለማለት አፉን አይከፍትም፤ ትንፋሹን ‹ህ› ብሎ ወደ ውስጥ ይስባል። ልክ እንደ እኛ! ሐያት «ሻይ ትጠጫለሽ?» ስትላት «ህ» አለች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ያን ሁሉ አገር አቋርጬ የእኛን አዎ አገኘሁት። ሰይድ ጆሮው ከደከመ ወዲህ አዎ የሚለው እንዲህ ነው። ድምፁ ምን ያህል እንደሚወጣ ስለማያውቅ በሰው ፊት መናገር ያፍራል፤ ትንፋሹን ብቻ ሳብ ያደርጋል፣ ደረቱ ከፍ ይላል። እኔም አጠገቡ ሆኜ ደረቱን አይቼ «አዎ ብሏል» እላለሁ።

አሁን የማልወደውን ነገር እጽፋለሁ። እዚያ ቤት አርፌ ነበር። ቀስ ብሎ መናገር ለመድኩ። ነገርን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አለመድገም እንዴት እንደሚያሳርፍ አላውቅም ነበር። ጉሮሮዬ አረፈ። አንዳንድ ቀን ኢልሃም ስትተኛ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ በረዶውን እያየሁ ማንም ‹ምን አለ?› የማይለኝ በመሆኑ ደስ ይለኝ ነበር። ደስ ማለቱ ሲሰማኝ ቶሎ ብዬ እነሳለሁ፣ ሰው ያየኝ ይመስል።

ኢልሃም ዓመቷን ጨርሳ መዋያ ገባች። ቃሌ እስከዚያ ነበር። ሐያት «ትንሽ ብቻ ቆይልኝ፣ ትታመማለች፣ ብቻዬን ነኝ» አለች። እውነት ነው፣ ልጅቷ መዋያ በገባች ቁጥር ትታመም ነበር። ግን እኔም እሺ ለማለት ብዙ አላስለመንኩም። ሰይድን አልጠየቅሁትም። በስልክ እንዴት ይጠየቃል? ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፍና «ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» ብሎ ለዘነበች ይሰጣታል። ደግሞ እኮ አኩርፌው ነበር። አፉ ያላለኝ እሱ ነው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

ፈቃዴን ለማስረዘም የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄድን። ሠራተኛው ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው። ሐያት እንዳታስተረጉም ተከለከለች፤ አስተርጓሚው በስልክ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠ ድምፅ ማጉያ። ድምፁ የአዲስ አበባ ልጅ ይመስላል።

«ባለቤቷ የት እንደሆነ ጠይቃት» ይላል ሠራተኛው ለስልኩ፣ በኋላ ሐያት እንደነገረችኝ።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ የት ናቸው?»

«ሐይቅ።»

«ሐይቅ ላይ ናቸው ትላለች» አለ አስተርጓሚው መሰለኝ፤ ሠራተኛው ዓይኑ ፈጠጠና «ለምን ውሃ ላይ ይኖራል?» አለ።

«ከተማ ነው በለው!»

«ወደ አገሯ እንደምትመለስ ማረጋገጫዋ ምንድነው?»

«ባሌ።»

«ባሏ እንደሚፈልጋት ማስረጃ አላት?»

«እሱስ ሚስቱ እንደምትፈልገው ማስረጃ አለው?»

 «እንደዚህ ልበለው እትዬ?»

«እንደዚያው በለው።»

ሠራተኛው ቀላ፣ ከዚያ ፈገግ አለ፣ ጻፈ። ፈቃዱም ተራዘመልኝ። መሳቄን ጨርሼ ከወጣሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያ ሁሉ ጥያቄ የእኔ ነው፤ ሰውዬው ግን አንድም ጊዜ ወደ እኔ አላየም። ለስልኩ ነው የተናገረው። ‹ጠይቃት›፣ ‹ምን አለች?› ሲባባሉ እኔ መሃል ላይ እንደ ዕቃ ተቀምጫለሁ። በመንገድ ላይ ቆም አልኩ። ሰው ሰይድን ሲያናግረው ወደ ማን ነበር የሚያየው? ወደ እኔ። «ጠይቂው እስኪ» ነበር የሚሉኝ። እኔም ብዙ ጊዜ ሳልጠይቀው እመልስለት ነበር።

በዚያው ሰሞን ዘነበች ደወለች። ሰላምታውን ጨርሳ «ዘሃራ፣ ሰይድ ዱአ መሄድ ተወ» አለችኝ።

«ታመመ እንዴ?»

«አልታመመም። አሚኑን ከሰው ኋላ ሲል ልጆች ሳቁበት። አንዴ ደግሞ ገና ምርቃቱ ሳያልቅ አለ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ነው። እኔም ምግብ ሳመጣለት ፊቴን አያይም፤ መሬት መሬት ያያል።»



ሐያት ለጥናቷ አማርኛ የሚናገሩ ሽማግሌዎች ትፈልግ ነበርና «እማ፣ አንቺም ነይ» አለችኝ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ደረታቸው ላይ ትንሽ ማይክ ይደረጋል፤ ከግድግዳው የሻይ ቤት ጫጫታ ይለቀቃል፤ በዚያ መሃል እንደልባቸው ይጫወታሉ። ሐያት ከመስታወት ኋላ ሆና ትቀዳለች። አጫዋቼ አቶ ግርማ የሚባል ሰው ሆነ። አዲስ አበቤ ነው፣ በደርግ ጊዜ የወጣ፣ መስሚያ ያደረገ፣ ከረባት ያሠረ።

ጫጫታው ተለቀቀ። ጨዋታ በምርቃት ነው የሚጀመር ብዬ እጄን ዘረጋሁ። «አላህ ለአገራችን ሰላም ያውርድ!» አልኩ። አቶ ግርማ ፈገግ አለ። አሚን የለም። «ጤና ይስጠን!» ፈገግ። ሦስተኛውን መረቅሁና እንደለመድኩት ጉልበቱን መታ አደረግሁት። ሰውዬው ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተፈናጠረ።

«ምነው እትዬ!»

«አሚን በል እንጂ!»

«ምርቃት ነው እንዴ? አሜን፣ አሜን! እኔማ ስለ አየሩ የሚነግሩኝ መስሎኝ።»

«ካልሰማህ ለምን ሳቅህ?»

«ያልሰማሁ ጊዜ እስቃለሁ። ምን አሉ፣ ምን አሉ ስል ሰው ይሰለቸኛላ። ፈገግ ካልኩ ግን ያልፋል።»

«እቤትህ ሲፈልግ ይሰማል ይሉሃል?»

ይህን ጊዜ ከልቡ ሳቀ። «ሚስቴ ነፍሷን ይማርና እስክትሞት ይህንኑ ነበር የምትለኝ። እትዬ፣ መፈለግ አይደለም። ብርሃን ካለ፣ ሰው ካልተንጫጫ፣ የሚያናግረኝን ሰው ፊት ካየሁ እሰማለሁ። አሁን እንኳን አፍዎን እያየሁ ነው። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ግማሹ ያመልጠኛል።»

«ሁሉም ከጎደለስ?»

«ያኔማ እንደዚህ ግድግዳ ነኝ።»

ጨለማ ነበር። ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር። ከኋላው ነበርኩ።

አቶ ግርማ ብዙ ነገር አወራኝ፤ አልሰማሁትም። እኔ፣ ጆሮዬ ደህና የሆነው ሴት፣ አልሰማሁትም። ፈገግ አልኩ።

ሲያልቅ ሐያት ገብታ «እማ፣ መሃል ላይ ምን ሆንሽ? ረጅም ዝምታ አለ» አለች። ነገርኳት። ማታውን፣ ገመዱን፣ ሦስት ጊዜ አፉ በለኝ ማለቴን፣ ይዤው የመጣሁትን ቂም፣ ሁሉንም። ሐያት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እማ፣ አባባ ያን ማታ ምንም ሊሰማ አይችልም ነበር።»

«ሲፈልግ…» ብዬ ጀመርኩና አፌን ያዝኩ።

«ጓሮ ተቀምጣችሁ የምትስቁት ፀሐይ ስላለ ነው። ፊትሽን ስለሚያይ ነው። ይህን እኮ ነው የማጠናው።»

«ስለዚህ አፉ በለኝ እንዳልኩት አያውቅም።»

«አያውቅም።»

«መንደሩን ሁሉ ቤት ለቤት ስዞር ግን አይቶኛል።»

  በእኛ አገር መንገድ ሲወጣ አንድን ሰው አፉ በለኝ ያላለ፣ ከዚያ ሰው ጋር እንደተጣላ ነው የሚቆጠረው። ዶሮ ያባረርኩባትን ለምኜ፣ ሽማግሌዎቹን ለምኜ፣ ጎኑ ያረጀሁትን ሰው ዘልዬው እንደሄድኩ ነው የሚያውቀው። ከዓመት በላይ ያንን ይዞ ተቀምጧል። እኔም ያንኑ ያህል እሱ ላይ ፈርጄ ተቀምጫለሁ። ለሰው ዶሮና ለሰው አጥር ‹ፍርዱ ልክ አይደለም› እያልኩ የምነሳው እኔ፣ በገዛ ባሌ ላይ ፈርጄ አንድ ምስክር አልጠራሁም።

የሐያት አስተማሪ ፕሮፌሰሯ ልታመሰግነኝ መጣች። ደግ ሴት ናት። እጇን ይዤ በሐያት በኩል ጠየቅኋት፦ «ልጄ እዚህ የገባችው የአያቷን ነገር ተናግራ ነው። የእኔንም ድምፅ ወሰዳችሁ። የባሌን ጆሮ የሚያይለት ማነው?»

ፕሮፌሰሯ ጥናቱ እዚህ አገር ላሉ ሰዎች ብቻ መሆኑን አስረዳችኝ።

«ይህ ልክ ነው?»

«ልክ አይደለም» አለች። ማመኗን ወደድኩላት። ለሰይድ ጆሮ ግን አይሆነውም። ሐያት የምረቃዋ ሥራ ሲያልቅ ሐይቅ ሄዳ እንድትሠራ ቃል አስገብቻታለሁ፤ ብትረሳ ይህን ያነበባችሁ አስታውሷት።

ለዘነበች ደወልኩና ትእዛዝ ሰጠኋት። «በቀን ይሁን። ሰው አይኑር። ሰይድን ደጃፍ ላይ አስቀምጪው፣ ስልኩን በዓይኑ ልክ ያዢለት፣ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እንዳታርፍ።»

«ዘሃራ፣ ፎቶ ልታነሺው ነው?»

«አፉ በለኝ ልለው ነው።»

«ንገሪኝና እኔ ጮኼ ልንገረው።»

«አይሆንም! አንቺ ከነገርሽው ያንቺ አፉ ነው።»

ዘነበች «እሺ እንግዲህ» አለች።

ቀኑ ደረሰ። ኔትወርክ አልነበረም፤ በሌላው ቀን መጣ። እኔ መስኮቱ ፊት ተቀመጥኩ፣ ሻሼን ከአገጬ ገለጥ አደረግሁ። ስክሪኑ በራ፤ ሰይድ። ከስቷል። ጢሙን የሚያስተካክልለት የለም። ከኋላው ሐይቁ ትንሽ ይታያል፣ ሰማያዊ፣ እኔ ሳልኖርም እንዲያው።

«ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ» አለ ገና ምንም ሳልል።

እጄን አነሳሁ። ወደ ከንፈሬ ጠቆምኩ። አየኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቴን አየ።

ሳልጮህ፣ ቀስ ብዬ፣ ራሴን ሳላዞር፣ «ሰይድ። አፉ በለኝ» አልኩት።

ግንባሩ ተኮማተረ። ወደ ዘነበች ዞሮ «ምን አለች?» አላት።

«እሷ እኮ…» ብላ ልትጀምር ስትል «ተዪው ዘነበች!» ብዬ ጮኽኩ፤ ያች የድሮ ድምፄ ወጣች። ታች ቢርጊት ሳትሰማ አልቀረችም። ዘነበች አፏን ያዘች። ሰይድ ወደ እኔ ተመለሰ። እንደገና ጠቆምኩ።

«ጨለማ ነበር» አልኩት። «ብዬህ ነበር። ከኋላህ ሆኜ። አልሰማኸኝም። ሰይድ፣ አፉ በለኝ።»

ብዙ ጊዜ አየኝ። ዓይኑ ከከንፈሬ ወደ ዓይኔ ሄደ፣ ተመለሰ። ከዚያ አፉ በትንሹ ተከፈተ፣ ደረቱ ከፍ አለ፤ ምስሉም እዚያው ላይ ደረቀ።

«ሰይድ! ዘነበች! ሄሎ!»

ድምፅ የለም። ክቧ ምልክት ስክሪኑ መሃል ላይ ትዞራለች። ሰይድ ደረቱ እንደተነሳ፣ አፉ እንደተከፈተ ቀርቷል። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ነው ወይስ ሊናገር አየር ወስዶ? አዎ ነው ወይስ ‹ለምን?› ሊለኝ ነው? ስልኩን ወደ ጆሮዬ ለጠፍኩት፤ ምንም የለም። ወደ ዓይኔ መለስኩት።

ሐያት ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር። «ምን አለ?» አልኳት።

ስክሪኑን ተጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። «እንደ አጥኚ ከጠየቅሽኝ፣ ከዚህ ብቻ አይታወቅም» አለች። «እንደ ልጅ ልጁ ከሆነ ግን አዎ ብሏል።»

«እኔ አጥኚዋን ነው የጠየቅሁት» አልኳት።

ደግሜ ደወልኩ፤ አይገኝም አለችኝ የስልኩ ሴትዮ በአማርኛ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ። ውጭ እየመሸ ነበር፤ ገና ምሳ አልበላንም። ተነሥቼ የመስኮቱን መብራት አበራሁና እዚያው ፊቴ ወደ ብርሃን ሆኖ ተቀመጥኩ፤ ኔትወርኩ ድንገት ቢመለስ እንዲያየኝ።